አፈር የሆነው አልጋ

በግቢው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሚስማር ነበር የሚሏት። እንጨት ውስጥ የተደበቀ ሚስማር ስለማያመልጣት ነው የሚሉ ነበሩ፤ ምላሷ ስለሚወጋ ነው የሚሉም ነበሩ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ግቢው የከተማው የእንጨት ትርፍራፊ ሁሉ የሚራገፍበት ነው። የተቆረጠ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የተሰበረ የዕቃ መጫኛ ፓሌት፣ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ ማገር፣ ሁሉም በጭነት መኪና ይመጣል። እሷ ትለያለች። ሚስማሩን በጉጠት ትነቅላለች፣ ቀለም የነካውን ወደ ጎን ትጥላለች፣ ንጹሑን ወደ መፍጫው ማሽን ትልካለች። ከማሽኑ የሚወጣው ሻካራው ለዛፍ ሥር ጉዝጓዝ ይሆናል፤ አፈሩ እንዳይደርቅ ያለብሰዋል። ደቃቁ ደግሞ ከሣርና ከአትክልት ልጣጭ ጋር ተደባልቆ ይከመርና፣ ወራት እየተገላበጠ ቆይቶ ጥቁር ብስባሽ ሆኖ ለአትክልተኞች ይሸጣል።

ሥራዋን ትወደዋለች። የምትጠላው ሥራው የሚያልቅበትን ሰዓት ነበር። እናቷን ለዓመታት አስታማ ከቀበረች ወዲህ በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻዋን ትኖራለች። እኩዮቿ ሲያገቡና ሲወልዱ እሷ የበሽተኛ ትራስ ስታስተካክል ነበር፤ ቀና ስትል ሁሉም ወደየቤቱ ገብቷል። አንድ ወንድሟ ሌላ ከተማ ነው፤ ለበዓል ይደውላል። ጠዋት ስትወጣ ሬዲዮኗን አታጠፋውም፤ ማታ ቁልፉን ስታዞር ከውስጥ የሰው ድምፅ እንዲቀበላት። ግድግዳ የሚጋሯት ባልና ሚስት ሲጣሉ ጆሮዋን ትጥላለች። ሲታረቁ ግን ሬዲዮኑን ከፍ ታደርገዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ግቢውን እያነደደው ሳለ፣ አንድ ሰው በተከራየው መኪና አልጋ ጭኖ መጣ። የሁለት ሰው አልጋ ነው፤ አዲስ፣ ማንም ያልተኛበት። ራስጌው ላይ ሐረግ ተቀርጾበታል፤ ቅጠሎቹ ነፋስ የነካቸው ይመስላሉ።

«ይፈጭልኝ» አለ ሰውየው።

ሚስማር ጓንቷን አውልቃ ራስጌውን ዳሰሰችው። በጥፍሯ ጫር አደረገችው።

«አንቀበልም፣ ወንድሜ።»

«ለምን?»

«ቫርኒሽ ተቀብቷል።»

«ቢቀባስ? እንጨት አይደለም?»

«እንጨቱማ ምን አጠፋ? የተቀባው ነው ጉዱ። አፈር ውስጥ ሲገባ መርዝ ይሆናል። ሰው ጎመን ሊተክልበት ነው እኮ!»

ሰውየው አልጋውን አየ፣ መኪናውን አየ፣ እሷን አየ። ሹፌሩ ገና ሞተሩን አላጠፋም።

«መልሼ አልወስደውም» አለ ቀስ ብሎ።

«ሽጠዋ። እንዲህ ያለ አልጋ ገዢ ያጣል?»

«ሸጬው፣ ማን ተኝቶበት ይሆን እያልኩ ልኑር?»

«እንግዲያው አቃጥለው።»

«ጭሱን የማሸተው እኔው ነኝ።»

ያኔ እጆቹን አየቻቸው። መሮ የጫራቸው፣ ጣቶቻቸው የደደሩ የአናጺ እጆች ናቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «በሩ ያውና» ብላ ወደ ክምሯ ትመለስ ነበር። ያን ቀን ግን አፏ እንቢ አላት።

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔው ነኝ።»

«ቫርኒሹ ከተላገ፣ እንጨቱ እስኪታይ ድረስ ከተላገ፣ እቀበልሃለሁ። ፍቅፋቂውን ግን ለብቻ ሰብስበህ ትወስደዋለህ።»

«እዚህ ልላገው?»

«የራስህ ሥራ ቤት የለህም?»

«አለኝ። እዚያ ግን ሁሉም ሰው ይሄን አልጋ ያውቀዋል። መላጊያ ሳነሳ ሁሉም ሥራውን አቁሞ በሐዘኔታ ሊያየኝ ነው። ሐዘኔታቸው ታከተኝ።»

በሩ ላይ ሆነው ሲያዳምጡ የነበሩት ሽማግሌው ዘበኛ ጣልቃ ገቡ። «ባለአልጋው! ወደ ጥላው አውርደው። ፀሐይ አናትህን ይበላሃል።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሙ ባለአልጋው ሆነ።

በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ ላይ አይነጋገሩም ነበር። እሱ ጥላው ሥር አልጋውን ፈታቶ ይልጋል፤ እሷ ትንሽ ራቅ ብላ ሚስማር ትነቅላለች። የመላጊያው ሽርርታ፣ የጉጠቷ ቀጭታ፤ ሌላ ድምፅ የለም። ቀና ስትል ዐይኑን ትይዘዋለች። ቀና ሲል ዐይኗን ይይዛታል። ሁለቱም የያዙትን ወዲያው ይለቃሉ።

አንድ ቀን ራስጌውን ሲጀምር ዝም ማለት አልቻለችም።

«እዚህ መሐል ላይ ለምን ባዶ ተውከው? ሐረጉ ዙሪያውን ዞሮ አልፎታል።»

«የኔንና የእጮኛዬን ስም ልጽፍበት ነበር» አለ መላጊያውን ሳያቆም። «‹ቆይ፣ ምን አስቸኮለህ?› አለችኝ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው በአጎቷ በኩል ‹አልመጣም› ብላ ላከች።»

«ራሷ መጥታ አትነግርህም?»

«ፈርታ ይሆናል። መጥፎ ሰው ሆና አይደለም። አልወደደችኝም፣ በቃ።»

ሚስማር ልትሰድብለት የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋችው። ሰው እንዲህ ተደርጎ ክፉ ቃል ሳይወጣው ሲቀር አይታ አታውቅም ነበር። ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትሄድ በመንገዱ ሁሉ ስለ እሱ አሰበች፤ የአውቶቡስ ማቆሚያዋንም አለፈችው።

እሷም በተራዋ ስለ እናቷ ነገረችው። በመጨረሻዎቹ ወራት እናቷ እሷን በእህታቸው ስም ይጠሯት እንደነበር፣ እሷም አቤት ትል እንደነበር። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ባለአልጋው «አይዞሽ» አላላትም። መላጊያውን አስቀምጦ አጠገቧ ካለው ፓሌት ላይ ተቀመጠና ጨርሳ እስክትናገር ጠበቃት። ከዚያ ከማዶው ሱቅ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ መጣ።

«የኔን ስኳር እንዴት ገመትክ?» አለችው ቀምሳ።

«ብዙ ነው ያደረግሁት። ምላስሽ ጣፋጭ ቢያገኝ ይለዝብ ይሆናል ብዬ።»

ዘበኛው ከወንበራቸው ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ሳቋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት።

ሌላ ቀን ወደ ብስባሹ ክምር ወሰደችውና «እጅህን አግባ» አለችው። እስከ ክርኑ አግብቶ መልሶ መነጨቀው።

«ያቃጥላል! ማን እሳት አነደደበት?»

«ማንም። ራሱ ነው የሚሞቀው። ደረቅ እንጨት ብቻውን ቢከመር ግን ዓመት ቢቀመጥ አይሞቅም። እርጥብ ነገር ካልገባበት ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

ብላው ስታበቃ የተናገረችው ወደ ራሷ ጆሮ ተመለሰ። ፊቷ ጋለ። መንሹን አንስታ መገልበጥ የማያስፈልገውን ክምር ትገለብጥ ጀመር። ባለአልጋው ቆሞ አያት፤ ከዚያ «እህ» ብሎ ብቻ ወደ መላጊያው ተመለሰ።

በዚያ ሰሞን ሬዲዮኗን አጥፍታ የወጣችበት ቀን ሁሉ ነበር።

ሥራ ግን ያልቃል። የመጨረሻውን እግር በብርጭቆ ወረቀት እየዳበሰ ቀናት ገፋበት፤ እሷም «እዚች ጋ ትንሽ ቀርታለች» እያለች ቀናት ጨመረችለት። አንድ ከሰዓት ግን የሚላግ ነገር ጠፋ። እንጨቱ ገርጥቶ፣ ራቁቱን ጥላው ሥር ተደረደረ።

ሚስማር የአቧራ መከላከያ ጨርቋን አፍና አፍንጫዋ ላይ አሰረች፣ ወፍራሙን መነጽር አጠለቀች፣ ማሽኑን አስነሳች። እሱ ያቀብላታል፣ እሷ ታጎርሰዋለች። ጎኖቹ ገቡ፣ እግሮቹ ገቡ። ራስጌው ላይ ሲደርሱ እጁ ቆመ። ሐረጉን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«ይቅር?» አለችው በማሽኑ ጩኸት ላይ ጮኻ።

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀና አቀበላት። ማሽኑ ራስጌውን ሲያገኝ ድምፁ ጎላ፤ ከዚያ ረጋ። በወዲያኛው በኩል ነጭ ፍርፋሪ ተቆለለ።

ማሽኑን አጠፋች። ባለአልጋው መላጊያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ሲያስገባ፣ ዚፑን ቀስ ብሎ ሲዘጋ አየችው። የሚጠብቀው ነገር እንዳለ ታውቋታል። «ነገም ና» ማለት ነበር የሚያስፈልገው፤ ሁለት ቃል። በምትካቸው ግን የለመደችው ወጣ።

«በል እንግዲህ፣ ተገላገልክ! ዳግመኛ በዚህ ግቢ እንዳላይህ!»

ስትለው ፈገግ ብላ ነበር። ቀልድ ነው። እንዲመልስላት፣ «መጥቼ አሳይሻለሁ» እንዲላት ነበር የፈለገችው።

እሱ ግን አያትና «እሺ» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ። ብዙ አስቸገርኩሽ።» ቦርሳውን አንግቦ፣ ዘበኛውን በእጁ ሰላም ብሎ ወጣ።

ጨርቁን ከአፏ ስትፈታ ነው የገባት። ፈገግታዋ ጨርቁ ውስጥ ነበር። ዐይኗም አቧራ በሸፈነው መነጽር ውስጥ። ያየው የተሸፈነ ፊት ነው፤ የሰማው «እንዳላይህ» ነው። ያውም «አልመጣም» ተብሎ የሚያውቅ ሰው። ወደ በሩ ሮጠች። መንገዱ ባዶ ነበር።

ነገ ይመጣል አለች። አልመጣም። ሳምንት አለፈ፤ ዝናቡ ገባ። የአልጋውን ፍርፋሪ ከሌላው ሳትቀላቅል በግቢው ጥግ ለብቻው ከመረችው። ሣርና ልጣጭ ጨመረችበት፤ በየጊዜው በመንሽ ገለበጠችው። የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር አንገቷ ወደ በሩ ይዞራል።

«ሚስማር» አሏት ዘበኛው አንድ ቀን፤ «በሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ደመወዜን ልትካፈይኝ ነው?»

«አባባ፣ ሥራዎን ይሥሩ» አለች። ድምፅዋ ግን አልወጋም።

ሄዳ ልትፈልገው አስባ ነበር። አናጺ ቤቱ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ፍራሽ ከሚሰፉት ጎን እንደሆነ አንድ ጊዜ በጨዋታ መሐል ነግሯታል። ግን ሄዳ ምን ልትለው? እሱ እኮ የፍቅር ቃል ተናግሯት አያውቅም። ምናልባት የፈለገው ጥላ ያለበት ግቢ ብቻ ነው። ምናልባት ሻዩም ሻይ ብቻ ነበር። እንዲህ እያለች ራሷን ስትሟገት ክረምቱ አለፈ። ሬዲዮኑ እንደገና ቀኑን ሙሉ ይለፈልፍ ጀመር።

በዝናቡ ማብቂያ ላይ ትኩሳት ጣላት። አልጋዋ ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ውሃ የሚያቀብላት አልነበረም፤ ተነስታ ለመቅዳት ወለሉ ላይ በእጇ ዳኸች። ጎረቤቶቿ አልመጡም። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሬዲዮኑ እንደ ወትሮው ሲያወራ ይሰማሉ፤ ደህና ናት ብለዋል። ልታጠፋው ፈለገች፤ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ነበርና እጇ አልደርስ አላት። የሬዲዮኑ ሰውዬ ስለ አየር ሁኔታ፣ ስለ ስፖርት፣ ስለ ገበያ ይነግራታል። አንዴም ግን «እንዴት ነሽ?» አላላትም።

ተሽሏት፣ ድምፅዋ እንደ መጋዝ ሻክሮ ወደ ሥራ ስትመለስ ዘበኛው ከወንበራቸው ተነሱ።

«የት ጠፋሽ፣ ልጄ? ስልክሽ አይነሳም። መጥቼ ልጠይቅሽ ብዬ ቤትሽን የሚያውቅ ባፈላልግ ጠፋ! ከግቢው ሰው አንድ እንኳ የሚያውቅ የለም። ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ!»

«ቤቴ ምን አለው ብለው ነው፣ አባባ» አለች እየሳቀች። ከዚያ ወደ ግቢው ጥግ ሄዳ ቁጭ አለች፤ እንባዋ መጣ።

የአልጋው ክምር አነሰ፣ ጠቆረ፣ ቀዘቀዘ። እጇን ብታገባበት ዝናብ እንደጠጣ መሬት ሸተተ። የእንጨት መልክ አልቀረውም። በትንሽ ከረጢት ሞላችና የዕረፍት ቀኗን ጠብቃ ይዛው ወጣች።

አናጺ ቤቱ ውስጥ አልነበረም። እናቱ የዐይን ሞራ ተገፎላቸው እያስታመመ ነው ብለው ባልደረቦቹ ቤቱን አሳዩዋት። የቆርቆሮው በር ገርበብ ብሎ ነበር። በረንዳው ላይ አንዲት አሮጊት ሁለት ዐይናቸው በነጭ ፋሻ ታስሮ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ልጅዎን ፈልጌ ነበር።»

የአሮጊቷ ፊት ተለወጠ። «ልጄን? አንቺ? እንዴት ደፈርሽ!»

«እማማ፣ እኔ...»

«ዝም በይ! ሳልጨርስ ነው የምትመልሽው? ድምፅሽ ደግሞ ምን ሆኗል? ሻክሯል። ይበልሽ! ዛሬስ አጎትሽ የት ሄዱ? ያን ጊዜ በሳቸው ነበር የላክሽው። አሁን ገና እግር አወጣሽ? ያንን ሐረግ ሲቀርጽ እኮ ‹እማዬ፣ ይሄ ቅጠል ያምራል?› እያለ ያስዳስሰኝ ነበር። ዐይኔ ያኔም አያይልኝም፤ እጄ ግን አይቶታል። ያንን ነው ጥለሽ የሄድሽው!»

ሚስማር ከረጢቱን እንዳቀፈች ቆመች። «ተሳስተዋል» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ለሰው እንዲህ የሚቆጣለት ሲኖር ምን እንደሚመስል ረስታው ነበር፤ ደስ አላት፣ እስከ መጨረሻው መስማት አማራት።

«ምግብ አልቀምስ ብሎ ከሰውነት ተራ ወጣ!» ቀጠሉ አሮጊቷ። «ከዚያ አንዲት የእንጨት ግቢ ሴት አገኘ። ሚስማር ነው አሉ ስሟ፤ ይሄም ስም ሆኖ! እራት ላይ ‹ዛሬ እንዲህ አለች፣ ዛሬ ዘበኛውን እንዲህ ብላ አሳቀቻቸው› ሲለኝ ያመሻል። ልጄ ዳነልኝ ብዬ ነበር። እሷም አልጋውን ፈጭታ ስታበቃ ‹እንዳላይህ› ብላ አባረረችው! ወይ እናንተ! ሁለታችሁን አንድ ላይ ባገኛችሁ በዚህ ምርኩዝ ነበር!»

ሚስማር ወደ በረንዳው አንድ እርምጃ ተጠጋች።

«እማማ» አለች፤ «እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም። ሁለተኛዋ ነኝ።»

ምርኩዙ አየር ላይ ቀረ።

«ሚስማሯ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ስሰድብሽ ምነው ዝም አልሽ?»

«ግማሹ የኔው ነው ብዬ።»

አሮጊቷን ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ግን ፊታቸውን መልሰው አጠነከሩት። «ለምን እንዲያ አልሽው?»

«ፈገግ ብዬ ነበር። አፌ በጨርቅ ታስሮ ስለነበር አላየኝም። ‹ነገም ና› ማለት አፍሬ ነው፣ እማማ። ሰው ና ብዬ አላውቅም። ሂድ ማለት ግን አፌ ለምዶታል።»

ከኋላዋ የቆርቆሮው በር ተንቋቋ። ዞር አለች። ባለአልጋው የመድኃኒት ከረጢት አንጠልጥሎ ቆሟል። ከስቷል። ምን ያህል እንደሰማ አላወቀችም፤ ፊቱን ስታየው ግን በቂውን እንደሰማ ገባት። ፊቷን፣ ጨርቅም መነጽርም የሌለበትን ፊቷን፣ ከግንባሯ እስከ አገጯ ቀስ ብሎ አየው። እሷም አልሸሸችም።

«ከእንጨት ግቢው መንገድ ማዶ እየመጣሁ እቆም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ማሽኑ ሲቆም ድምፅሽን እሰማና እመለሳለሁ።»

«ለምን ወደ ውስጥ አልገባህም?»

«እንዳላይህ ስላልሽኝ።»

ከረጢቱን ከእቅፏ ተቀብሎ ግድግዳው ሥር አስቀመጠው። ምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ሽታው ነግሮታል። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። ዝምታው እየረዘመ ሲሄድ አሮጊቷ ምርኩዛቸውን መሬት መቱ።

«ኧረ ተናገሩ እንጂ! እናንተስ ትተያያላችሁ። እኔ በጨለማ ተቀምጬ ምን ልወቅ? ምን እየሆነ ነው?»

«እጇን ይዣለሁ፣ እማዬ» አለ።

«እሷስ?»

ሚስማር ጣቶቿን ወደ ጣቶቹ አስገባች። ድምፅዋ ሻካራ ነበር፤ ግን አሮጊቷ በደንብ እንዲሰሙ ጮክ አድርጋ ተናገረች።

«አልለቀውም፣ እማማ።»